ውሻውን ጨምሮ

«ውሻውን ጨምረን፣ እናትሽን ካልቆጠርን፣ ልክ ይመጣል።»

ይህን ያለው የልጄ ባል ትሮይ ነው፤ ቅዳሜ ጧት፣ ወጥ ቤት ቆሞ። እኔ ፎቅ ላይ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ፣ አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላውን በእጄ ይዤ ነበር። ካንሳስ፣ ዊቺታ ከተማ ውስጥ እንደኛ ያሉ የቆዩ ቤቶች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ምድር ቤት ካለው ማሞቂያ የሚነሳው ቱቦ በየክፍሉ ወለል ላይ በቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ወጥ ቤት የተወራውን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ልጄና ባሏ የሚተኙት ታች ስለሆነ ቀዳዳው አፍ እንዳለው አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸውም። ምን ቆርጦኝ! ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ ያለኝ ዜና ማሰራጫ እሱ ብቻ ነው። ልጄ ጃኔል ምን ብላ እንደምትመልስለት ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅሁ። አልመለሰችም። ሳህን ከሳህን ሲጋጭ ሰማሁ፣ የማቀዝቀዣው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ክው ብዬ ቀረሁ። ውሻው ዲዝል ይባላል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ በቀን ሁለቴ የሚበላ ሦስቴ የሚሰርቅ ውሻ ነው። ባለፈው ወር እንኳ የኔን የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ውጦ ሐኪም ቤት ሲወስዱት መንገዱን ሙሉ ሲያለቅሱለት ነበር። እሱ ተቆጥሯል፤ እኔ አልተቆጠርኩም። ሁለተኛውን ካልሲ ገልብጬ አጥልቄው ኖሮ እንደገና አወለቅሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሮይ ክረምቱን ሙሉ ከተጎታች ቤት ሌላ ወሬ አልነበረውም። እራት ከተበላ በኋላ ስልኩን ጨው መያዣው ላይ ያስደግፍና፣ ጢማቸውን ያሳደጉ ሰዎች ተጎታች ውስጥ ገብተው መሳቢያ ሲከፍቱና ሲዘጉ የሚያሳይ ቪዲዮ ያያል። የሚፈልገው ቀለል ያለ፣ ለልጆቹ ተደራራቢ አልጋ ያለው፣ ሰኔ ላይ ኮሎራዶ ወስዶ ሐይቅ ዳር የሚያቆመው ነው። ከኋላ በመንጠቆ የሚጎተተውን ዓይነት አይደለም፤ አንገቱን አውጥቶ ፒክአፑ ጀርባ ላይ የሚጋደመውን ነው። አምስተኛ ጎማ ይሉታል፤ ለምን እንደሚሉት ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ነፋስ አያወዛውዘውም ይላሉ፤ ካንሳስ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጣጣው ግን የቤቱ ክብደት ከፊሉ የሚያርፈው መኪናው ላይ ነው፤ የመኪናው በር ላይ ደግሞ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከዚህ በላይ አትጫኑ ይላል። ሰውም ጭነት ነው። ትሮይ ለኢንሹራንስ እየዞረ የተገለበጡ መኪኖችን የሚገምት ሰው ነው፤ አስፋልት ላይ ተበትኖ የቀረ የሰው ድስትና ፒጃማ በዓይኑ ስላየ ይፈራል። በዚህ አልፈርድበትም። ግን እኔስ?

ባለፈው በጋ ድንኳን ይዘው ሲሄዱ፣ ጉልበቴ መሬት ከተኛ አይነሳም ብዬ ራሴ ነኝ የቀረሁት። አሥር ቀን ሙሉ ቤቱ ጭር ብሎብኝ፣ ቲማቲም እያጠጣሁ፣ ፖስታ አዳዩ ሲመጣ የሌለ ጥያቄ እየፈጠርኩ ሳስቆመው ከረምኩ። ሰውዬው በመጨረሻ ፖስታውን በሩቁ ወርውሮ መሮጥ ጀመረ። ልጆቼ ሲመለሱ የማላውቀውን ቀልድ ይዘው መጡ፤ አንዱ «ያቺ ሽኮኮ!» ሲል አራቱም በሳቅ ይፈነዳሉ፣ እኔም ሳይገባኝ አብሬ እስቃለሁ። ታዲያ ትሮይ «አልጋ ያለው» ሲል ልቤ ዘለለ። አልጋ ካለማ እኔም አለሁ! ማንም ሳያየኝ የአዳኝ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ገዛሁ፤ ሌሊት መጸዳጃ ቤት ስነሳ ሰው እንዳልቀሰቅስ ብዬ። ይህን ያህል ነው የጓጓሁት። ያን ቅዳሜ ከእግዜር የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሚሄዱት ጋር መሆን።

ታች ስወርድ ሁሉም ጠረጴዛ ከበው ነበር። የልጅ ልጆቼ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ብራይስና የስምንት ዓመቷ ኪንሊ፣ ፓንኬካቸውን ሽሮፕ ውስጥ አስጥመው ያስሱታል። ትሮይ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አጋድሞ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ እውነቱን ንገሩኝ፤ ለሁላችንም ደህንነት ነው» አለ። ክብደት ነው የሚጠይቀው። አይ ሞኙ! በኛ አገር ሴትን ስለ ደመወዟም፣ ስለ ሃይማኖቷም፣ ስለ መጀመሪያ ባሏም ብትጠይቃት ትታገስሃለች፤ ክብደቷን ግን ሐኪም ቤት እንኳ ስትመዘን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። የቤታችን ሚዛን ከመታጠቢያ ክፍሉ ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል፤ ማን እንደሸሸገው ሁላችንም እናውቃለን፣ የጠየቀ ግን የለም። ጃኔል መጥበሻውን እየፈተገች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች፣ «መቶ ስልሳ ፓውንድ» አለች። እኔ ያቺን ልጅ ያማጥኳት ነኝ፤ መቶ ስልሳ የነበረችው ብራይስን ሳታረግዝ ነው። ትሮይ ቀና ብሎ ጀርባዋን አየት አደረገና ስልኩ ላይ መዘገበ። የራሱን ደግሞ ተማሪ ሳለ ኳስ ሲጫወት በነበረበት ልክ መዘገበ፤ ሆዱ ጠረጴዛውን ተደግፎ። ብራይስ በተራው ጨማምሮ ተናገረ፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ የሚፈራው ቀጫጫ መባልን ነው። በዚያ ቤት እውነተኛ ቁጥር የተመዘገበላቸው፣ ሐኪም ቤት በቅርቡ የተመዘኑት ኪንሊና ውሻው ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ የኔ ተራ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። የምዋሸውን ቁጥር ሳይቀር መርጬ ጨርሻለሁ። ትሮይ ስልኩን በፊቱ ደፋና፣ «እማማ ኧርሊን፣ ሽሮፑን ያቀብሉኝ እስቲ» አለኝ። አቀበልኩት። ዕድሜ ልኬን ክብደቴን የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይመጣብኝ ስሸሽ ኖሬ፣ ያን ጧት ሳልጠየቅ ስቀር እንባዬ ዓይኔ ላይ ደረሰ። ወይ ጉድ! ጃኔል አየችኝ፣ አየኋት። እጇን በፎጣ አድርቃ፣ «እማዬ፣ አንቺም ነይ፤ ትንሽ ነፋስ ትወስጃለሽ» አለች። ዊቺታ ላይ ደግሞ ነፋስ ይወሰዳል እንዴ? እሱ ነው እንጂ ሰውን የሚወስደው። ቢሆንም ኮቴን ለበስኩ፤ ከኋላ ወንበር ላይ፣ በብራይስ ክርንና በዲዝል ትንፋሽ መካከል ተሸጎጥኩ።

መሸጫው ከከተማው መውጫ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ነው። የቤት ጣሪያ የሚያለብስ ባንዲራ እያርገበገቡ፣ ተጎታቾቹን እንደ ከብት ደርድረው አቁመዋቸዋል። የሚያዝያ ቅዳሜ ስለነበረ ግቢው በሰው ጢም ብሏል። እዚያ ቦታ አንድ ወግ አለ፤ ሰው ሊገዛ አይደለም የሚገባው፣ ሊኖርበት ነው። ቤተሰቡ እንዳለ ይገባና በራሱ ቤት እንዳለ ይሆናል፤ ልጆቹ አልጋ ላይ ወጥተው ይንፈራፈራሉ፣ እናትየዋ ባዶውን ማቀዝቀዣ ከፍታ ትንሽ ታስብና ትዘጋለች፣ ከዚያ ውኃ የሌለበት ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ ሳህን ያጠበች ያህል እጇን ታወዛውዛለች። ወንዶች ደግሞ ግዴታ አለባቸው። ሱሪያቸውን እንደታጠቁ መጸዳጃው ላይ ይቀመጡና በሩን ይዘጋሉ፤ ጉልበታቸው በሩን ከነካ ያ ቤት አይገዛም። የተከበሩ ሰዎች፣ ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት የሚያዞሩ ሰዎች፣ በየተጎታቹ ተራ ጠብቀው ሲቀመጡ ታያቸዋለህ። እኔ እንኳ ከነዋሪዎቹ አንዷ ሆኜ በዚህ ወግ እስካሁን መሳቄን አልተውኩም።

የተቀበለን ሻጭ ዶኒ ይባላል፤ በዕድሜ ከኔ ጥቂት ቢያንስ ነው፤ የቀበቶው ዘለበት ሳህን ያክላል። ስለየትኛውም ቤት ብትጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ «ላባ ነው ጌታዬ፣ ላባ! ይጎትቱታል፣ መኖሩንም ይረሱታል።» ትሮይ ግን በቀላሉ የሚነዳ ሰው አይደለም። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ቁጥር ጎንበስ ብሎ ያነብና፣ «ይሄ የባዶው ነው። ውኃው፣ ጋዙ፣ ዕቃው ሲገባበትስ?» ይላል። ዶኒ የትሮይን ትከሻ እንደ ፈረስ ትከሻ መታ መታ ያደርግና ይስቃል። መጀመሪያ ያስገባን ወደ አንድ ረጅም ቤት ነው፤ ቁልፍ ሲነኩት ግድግዳው ወደ ውጭ ይገፋና ሳሎን ይሆናል። ከኋላ በር ያለው የልጆች ክፍል አለው፤ በአንድ በኩል ሁለት ተደራራቢ አልጋዎች፣ በሌላው በኩል ወንበር የመሰለ ነገር፣ እሱም ሲዘረጋ አልጋ። ሁሉም ሳሎኑን ሲያደንቅ እኔ ቀስ ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። መስኮት አለው። መነጽሬን የማስቀምጥባት ትንሽ መደርደሪያ እንኳ አለችው። በዓይነ ሕሊናዬ ኮሎራዶ ደረስኩ፤ ልጆቹ ከላይ ሆነው ሲንሾካሾኩ፣ እኔ «ተኙ እንጂ!» ብዬ ስቆጣቸው ተሰማኝ። ከመጸዳጃው ውስጥ የትሮይ ድምፅ፣ «ጉልበቴ አልነካም!» አለ። ከዚያ ወጥቶ ስልኩ ላይ ሲደምር ፊቱ ጠቆረ። ከባድ ነው፤ ሁላችንም ቀርተን እሱ ብቻውን ቢነዳው እንኳ መኪናው አይሸከመውም። ወንበሩን አጥፌ ወደ ቦታው መለስኩትና ተከትያቸው ወረድኩ። ማንም የት እንደነበርኩ አልጠየቀኝም።

እንዲህ እያልን ስንት እንደገባን አላስታውስም። አንዱ ለልጆቹ አልጋ አለው፣ ጓዳ የለውም። አንዱ ጓዳ አለው፣ ብራይስ ሲጋደም እግሩ በአየር ላይ ይቀራል። አንዱ ሁሉም አለው፣ የትሮይ ጉልበት በሩን ነካ። በየቤቱ ጃኔል ትገባለች፣ አልጋዎቹን በዓይኗ ትቆጥራለች፣ ከዚያ እኔን አየት አድርጋ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ጊዜ «ጃኔል...» አልኳት፣ «አቤት እማዬ» አለች፣ «ኧረ ምንም» አልኩ። ብናገር ምን እላለሁ? በቀዳዳ ሰማሁ ልበላት? ከተናገርኩ ደግሞ ለምኜ ገባሁ ማለት ነው፤ ለምኜ መግባቱን አልፈልግም። እሷ ራሷ አፍ አውጥታ እንድትለኝ ነበር የፈለግሁት። አንጀቴ እርር ብሎ የነበረው በትሮይ አይደለም፣ በገዛ ልጄ ዝምታ ነው። ባል ማለት የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ ይደምራል ይቀንሳል። እሷስ?

ምሳ ሰዓት ላይ ሻጮቹ ድንኳን ተክለው ሆት ዶግ በነጻ ያድሉ ጀመር፤ ነጻ ነገር ሲሆን መቼም ሰው ያልራበው ይርበዋል። ልጆቹ ሲሰለፉ እኔ ከነፋሱ ሸሽቼ አንድ ተጎታች ጥላ ሥር ካለ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። አጠገቤ እኔን የመሰለች አንዲት ሴት፣ ላቮን የምትባል፣ ሰናፍጭ አገጯ ላይ ተለጥፎ ሆት ዶጓን ትበላለች። የማታውቀው ሰው ጋ ስትቀመጥ እኛ ዘንድ ወዲያው ወሬ ነው።

«አንቺን የት ነው የሚያስተኙሽ?» አለችኝ፣ ስሜን እንኳ በቅጡ ሳትሰማ።

«አንቺንስ?»

«እኔንማ ጠረጴዛው ላይ ነው። እግሩ ዝቅ ይልና ትራሱ ይደረደርበታል፣ አልጋ ይሆናል። ችግሩ ካርታ ተጫውተው እስኪነሱ አልተኛም። ልጄ ደግሞ ሲሸነፍ ‹አንድ ዙር!› ባይ ነው።» ሳቀች፤ ጥርሷ ላይ ዳቦ አለ። «ያንቺስ?»

«እኔ የራሴ አልጋ አለኝ» አልኳት። «መስኮት አለው። መደርደሪያም አለው።»

«ታድለሽ!» አለች ከልቧ። «ደግ ልጆች ወልደሻል።»

አዎ አልኳት። ሴትየዋ ስታየኝ እንዳትውል ብዬ ተነሳሁ። በጠረጴዛ ላይ በምትተኛ ሴት ቅናት ይይዘኛል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ደክሞን፣ ኪንሊ ተነጫንጫ፣ ዲዝል መኪናው ውስጥ ሆኖ ግቢውን በጩኸት ሲያናውጥ፣ ዶኒ ከግቢው ጥግ ወዳለ አንድ አጠር ያለ ቤት ወሰደን። ከሁሉም ቀላሉ ነው። ግድግዳው አይገፋም፣ ወንበሮቹ ጠባብ ናቸው፣ ምድጃው ሁለት ድስት ነው የሚችለው። ከፊት አንገቱ ላይ የባልና ሚስት አልጋ አለው፣ ከኋላ ጥግ ደግሞ ሰፋ ሰፋ ያሉ ሁለት ተደራራቢ አልጋዎች። ብራይስ ላይኛው ላይ ወጥቶ ሲዘረጋ እግሩ ገባ። ትሮይ መጸዳጃው ገብቶ ዘጋ፤ ከዚያ፣ «ኧረ እንዲያውም ጋዜጣ ይዘረጋበታል!» ሲል ሰማን። ወጥቶ ስልኩ ላይ ደመረ፣ እንደገና ደመረ፣ ፊቱ እንደ ልጅ በራ። «ይሄ ነው! ጃኔል፣ ይሄ ነው!» አለ። እውነቱን ለመናገር ደስታው ያስቀና ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ የለፋ ሰው ነው። ጃኔል ታችኛው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፈገግ አለችለት፣ ግን ከአፏ ብቻ።

ዶኒ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ መሙላት ጀመረ። «እንግዲህ አምስት ሰው ናችሁ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«አራት» አለ ትሮይ። ድምፁ ቀጠነ። «አራት... እና ውሻ።»

ዶኒ ብዕሩን አንስቶ እያንዳንዳችንን በዓይኑ ዞረን፤ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ጨዋ ሰው ስለሆነ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ነፋሱ ከውጭ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«አያቴስ?» አለች ኪንሊ።

«መኪናው አይችላትም» አለ ብራይስ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ግን ሰባ አራት ዓመት የኖረ ሰው ኀፍረቱን የሚሸፍንበት መንገድ አያጣም፤ ከት ብዬ ሳቅሁ። «ኧረ እኔ የት እሄዳለሁ! ቲማቲሜን ማን ያጠጣልኛል?» አልኩ። ሳቄ ራሴንም አስቀየመኝ። ትሮይ አመስጋኝ ሆኖ አብሮኝ ሊስቅ አፉን ከፈተ።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት» አለች ጃኔል።

ትሮይ ዞረ። «ምኑ ነው ሁለት መቶ አሥራ አራት?»

«እኔ።» ተነስታ ቆመች። ጠባቡ ቤት ውስጥ ስትቆም ሁላችንም ትንሽ ወደ ኋላ አልን። «እኔ ነኝ። መቶ ስልሳ አይደለሁም። መቶ ስልሳ ከሆንኩ ዘመን የለውም። ሁለት መቶ አሥራ አራት ነኝ፣ ሐሙስ ዕለት ነው የተመዘንኩት፣ ሚዛኑም ያለው የክረምት ብርድ ልብሱ ሥር ነው። በል ጻፈው!»

በስመ አብ! ልጄ ይህን ቃል ለኔ ለእናቷ እንኳ ተናግራ አታውቅም። ሐኪሟ ሲነግራት እንኳ ጆሮዋን የምትይዝ ልጅ ናት። ፊቷ፣ አንገቷ፣ ደረቷ ድረስ ቲማቲም መስሎ፣ ግን ዓይኗን ከባሏ ላይ አላነሳችም። ዶኒ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ አላውቅም፤ ከዚያ መልሶ አደረገው። ትሮይ ስልኩን አይቶ፣ ሚስቱን አይቶ፣ ስልኩን አየ። ደመረው። ደስታው ከፊቱ ላይ ሲፈስ ታየኝ።

«እኔም ጨምሬ ነበር» አለ ብራይስ ከላይ፣ በቀጭኑ። «ስለዚህ ትንሽ ቀንስ።»

«አባዬስ?» አለች ኪንሊ።

ትሮይ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቁጥሩን ለሸሚዙ ቁልፍ ነገረው፤ እንዲህ ቀስ ብሎ ቢናገርም ሁላችንም ሰማነው፣ ዶኒ እንኳ አፉን ያዘ። በቤተሰቡ ሁሉ ሲዋሹ ያልተገኙት ኪንሊና ውሻው ብቻ ሆኑ። ትሮይ እንደገና ደምሮ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ «በቃ፣ ይሄም አይሆንም ማለት ነው» አለ። «እማማ ቢቀሩም አይሆንም።» ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ። እኔም ሳላስበው አዘንኩለት።

«ይሆናል» አለች ጃኔል። «እኔ ካንተ መኪና እወርዳለሁ። የራሴን መኪና ይዤ፣ እናቴን አስቀምጬ፣ ከኋላ እከተላችኋለሁ። የኔም የእሷም ክብደት አይቆጠርብህም።»

«አንቺ? ተራራ ላይ? አንቺኮ እዚሁ አውራ ጎዳናው ላይ ስትገቢ ዓይንሽን ነው የምትጨፍኚው!»

«ኮሎራዶ እስክንደርስ እገልጠዋለሁ።»

«ሁለት መኪና እኮ ነው፤ ነዳጁ...» ብሎ ጀመረ ትሮይ፤ የሚስቱን ፊት ሲያይ ቀሪውን ዋጠው። ክረምቱን ሙሉ ሲደምር ሲቀንስ የከረመ ሰው፣ መኪና ሁለት እንደሆነ አንድም ቀን አልታየውም። እኛም አልታየንም። መቼ ተነጋግረን! «እሺ» አለ በመጨረሻ። «እሺ። ግን አልጋስ? እማማ የት ይተኛሉ?»

ኪንሊ ታችኛው አልጋ ላይ ወጥታ ወደ ግድግዳው ተጠጋችና በእጇ ፍራሹን መታ መታ አደረገች። «እዚህ፣ ከኔ ጋ። ለሁለት ይበቃል። ግን አያቴ ታንኮራፋለች።»

እንግዲህ የፈለግሁት ሁሉ በእጄ ገባ። ልጄ አፍ አውጥታ ተናገረች፤ ያውም እንዴት ያለ አነጋገር! እልል ማለት ሲገባኝ፣ አሮጌ ልማድ ክፉ ነው፣ አፌ ራሱ ተከፈተ። «አይ ልጄ፣ ለኔ ብላችሁ አትቸገሩ» አልኩ። «ተራራው ያስፈራል። እኔ ቤት ብቀርም ምንም አልሆን፣ ለመድኩትኮ...»

«እማዬ!»

ጩኸቷ ቤቱን አናወጠው። ዲዝል ከመኪናው ውስጥ ሆኖ መለሰላት።

«እዚህ ሰውዬ ፊት፣ ባሌ ፊት፣ ልጆቼ ፊት ክብደቴን አፍርጬ ሳበቃ፣ አንቺ ቤት እቀራለሁ ትይኛለሽ? አንዴ ብትደግሚያት እዚሁ አንቄ ነው የምገድልሽ! አሁን ጫማሽን አውልቂና ተኝተሽ ልኪው!»

ባሌ ሞቶ ቤቴን ሸጬ ወደ እነሱ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። «እማዬ ይመችሻል?»፣ «እማማ ይቅርታ፣ ቀሰቀስንዎት?»፣ «እማዬ አመሰግናለሁ»፤ ጧት ማታ እንደ እንግዳ በትሕትና ሲያስተናግዱኝ፣ እኔም እንደ እንግዳ ጠባብ ቦታ ላይ ስቀመጥ ኖርን። ድሮ ግን እኔና እሷ በየቀኑ በር እያላጋን የምንጣላ ሰዎች ነበርን፤ ያኔ ልጅ ነበረች፣ እኔም እናቷ ነበርኩ። ያን ቀን እንደዚያ ስትጮህብኝ ደስታዬን የምሸሽግበት አጣሁ።

ጫማዬን አወለቅሁ። ትሮይ ክርኔን ደግፎ አስቀመጠኝ፣ ኪንሊ ወደ ግድግዳው ተለጠፈችልኝ፤ ቀስ ብዬ ተጋደምኩ። ፍራሹ ቀጭን ነው፤ እግሬንም ለማስገባት ጉልበቴን ማጠፍ ነበረብኝ። ሁሉም ከላዬ ቆመው ያዩኛል፤ ዶኒ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል።

«እ?» አለች ጃኔል፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ይበቃኛል» አልኩ።